ጦርነትና የኑሮ ውድነት የሴቶችን ልብስ ምን አደረገው?

ሲንጀሯ (ቱሉ ዲምቱ)

ሰላም ለቤቱ! ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ልብስ እሰፋለሁ። ዘንድሮ ጨርቅ ገዝታ «አዲስ ስፊልኝ» የምትል ደንበኛ ብርቅ ሆናለች። የሚበዛው ማጥበብ፣ ማስፋት፣ ማሳጠር ነው። የእናቷን ቀሚስ በራሷ ልክ የምታስቆርጥ አለች። ያረጀ የሐበሻ ቀሚስ ጥለቱን አስፈትታ ሌላ ቀሚስ ላይ የምታስለጥፍ አለች። የአንዷ ጨርቅ አልበቃ ብሎኝ እጅጌውን በሌላ ቀለም ሰራሁላት። ከዚያ ወዲህ «እንደሷ እጅጌውን ለየት አድርጊልኝ» የሚሉ መጡ። ጨርቅ የተረፋቸው ናቸው እኮ እንዲህ የሚሉኝ!

ነገሩ ከነከነኝና ማንበብ ጀመርኩ። ሞድ ከምንለው ውስጥ ስንቱ ነው ከእጥረትና ከጦርነት የመጣው? ያገኘሁት አንድ ነገር ግን እኛኑ የሚመለከት ስለሆነ ካልነገርኳችሁ አይሆንልኝም።

ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወረረን። የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ጣለባት። ነዳጅን ስላልጨመረበት ማዕቀቡ ለኛ አልጠቀመንም፣ ይሄን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ግን ያኔ ፍሎረንስ ከተማ ሳልቫቶሬ ፌራጋሞ የሚባል ጫማ ሰሪ ነበር። የሴት ታኮ ጫማ ሶሉ እንዳይጎብጥ ውስጡ ቀጭን ብረት ይገባበታል። ጥሩ ጥሩው ብረት ለጦሩ ሲሄድ ሰውየው የቀረለት ሲረገጥ የሚሰበር ሆነ። እሱም ከሰርዲኒያ ቡሽ አስመጣና በታኮና በሶል መሃል ያለውን ክፍተት ድፍን አደረገው። ዛሬ ሁላችን የምናደርገው ያ ድፍን ታኮ ጫማ፣ ለሰርግም ለቢሮም የማይጠፋው፣ ስሙ የገነነው ከዚያ ወዲህ ነው። ቆዳ ሲጠፋበት ደግሞ የቸኮሌት መጠቅለያ ወረቀት ሳይቀር ለጫማ ፊት ይጠቀም ነበር።

እኛን ሊወጋ የሄደ ብረት ነው እንግዲህ የጫማውን ቅርጽ የቀየረው። በዛሬ እግሬ ድፍን ታኮ ስገዛ በምን ዓይን እንደማየው እንጃ። የምታውቁትን ጨምሩበት፣ ከቤታችሁም ካለ አምጡ።


የጀሞ ልጅ

ቆይ ቆይ፣ ማለት እናቴ ሰርጌ ላይ ያደረገችው ጫማ ከማይጨው ጋር ዝምድና አለው?? 😂 በቃ ካሳ እንጠይቅ። በነፍስ ወከፍ አንድ ጥንድ፣ ቁጥር 38።


ታሪክ ወዳድ (ላፍቶ)

የጀሞ ልጅ፣ ካሳ ያልሽው ቀልድ ቢሆንም ከልብስ ጋር የተያያዘ ካሳ ተከፍሎናል። የባህር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተሰራው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ነው ሥራ የጀመረው። ስንት ቤት ውስጥ ያለው አንሶላ ከዚያ ወጥቷል።

ሲንጀሯ ለጀመርሽው ልጨምር። ማዕቀቡ ሲመጣ ሙሶሊኒ «ከውጭ ምንም አንፈልግም፣ በራሳችን እንለብሳለን» አለ። ሱፍ ከውጭ መግዛት ቀርቶ ከወተት ሱፍ መስራት ተጀመረ። አዎ፣ ከወተት! ከአሬራው ውስጥ ያለውን ፕሮቲን አውጥተው ክር አደረጉት፣ ላኒታል አሉት። ሲርስ ይላላል፣ ጥንካሬ የለውም፣ ግን ፋሽስቱ መንግሥት በየመጽሔቱ ያስተዋውቀው ነበር። የጣሊያን ሴት የፓሪስን ሞድ ትታ ያገር ውስጡን እንድትለብስ ትመከር፣ ትገሰጽም ነበር።

የባሰው የቀለበቱ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 18 ቀን 1935 የጣሊያን ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን ለጦርነቱ እንዲሰጡ ተደረገ። ንግሥታቸው ኤሌና ራሷ ሮም ላይ ቀድማ ሰጠች። በወርቁ ምትክ የብረት ቀለበት ተሰጣቸው። ያን ብረት ማድረግ የአገር ፍቅር ምልክት ሆነ፣ ወርቅ አድርጋ የታየች ደግሞ ምን እንደሚባልላት ገምቱት።

በኛ በኩል በዚያው ሰሞን የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። እቴጌ መነንና ልዕልት ፀሐይ ያሉበት። ሴቶቹ አዲስ አበባ ተቀምጠው ፋሻ ያዘጋጁ፣ ለወታደሩ የጋዝ መከላከያ ጭምብል ይሰፉ ነበር። በመርዝ ጋዝ ፊት በጨርቅ የተሰፋ ጭምብል! እዚያ ወተት ሱፍ ይሆናል፣ እዚህ ጨርቅ ጋሻ። ስለ ፌራጋሞ ቡሽ ሲወራ ይሄ አብሮ ቢነሳ ደስ ይለኛል።


ማሚ አራብሳ

ታሪኩ ደስ ይላል፣ አመሰግናለሁ። ግን እኔን የሚያናድደኝ ነገር አለ። ችግርን ማሳመር ለምን አስፈለገ? «እጥረት ፈጠራን ይወልዳል» የሚሉት ሁሌም የጠገቡ ናቸው። እኔ ሦስት ልጅ አለኝ፣ የታላቋን ዩኒፎርም ለታናሿ ሳሳጥር እየፈጠርኩ አይደለም፣ ስለሌለኝ ነው። ያቺ ደንበኛሽ እጅጌው በሌላ ቀለም ሲሰራላት የተደሰተች ይመስልሻል? ምናልባት ቤቷ ገብታ አልቅሳለች። ከዚያ በኋላ ጨርቅ የሞላት መጥታ ሞድ አደረገችው። ለኛ ችግር፣ ለነሱ ስታይል።


ሲንጀሯ (ቱሉ ዲምቱ)

ማሚ፣ እውነትሽን ነው፣ አልከራከርሽም። ያቺ ደንበኛዬ በእርግጥ አላለቀሰችም፣ ሙልጭ አድርጋ ነው የሰደበችኝ። 😅 ግን ነጥብሽ ገብቶኛል። ለዚህም ነው የእንግሊዞቹ ታሪክ የሳበኝ። እዚያ ቢያንስ ቢያንስ ችግሩን ለሁሉም እኩል ለማከፋፈል ሞክረዋል።

እንግሊዝ ውስጥ ልብስ በኩፖን የሆነው እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 1941 ነው። መጀመሪያ ለአንድ ሰው ለዓመት 66 ኩፖን ነበር፣ በኋላ እየቀነሰ ሄደ። የሱፍ ቀሚስ ብቻውን 11 ኩፖን ይበላል። ገንዘብ ቢኖርሽም ኩፖን ከሌለሽ አትገዢም። መንግሥት ደግሞ ልብስ ሰፊዎቹን ተቆጣጠረ፦ ስንት ቁልፍ፣ ስንት ኪስ፣ ስንት እጥፋት፣ ሁሉም በሕግ ሆነ። የወንድ ሱሪ እግሩ ላይ መታጠፍ ተከለከለ። ቀሚስ አጠረ፣ ጠበበ፣ ትከሻው አራት ማዕዘን ሆነ። ዩቲሊቲ የሚባል መናኛ ያልሆነ ርካሽ ልብስ ወጣ። ዲዛይኑን የሰሩት ግን ለቤተ መንግሥት የሚሰፉ ትላልቅ ሰፊዎች ናቸው፣ ኖርማን ሃርትኔል አንዱ ነው። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። ምርጡን ሰፊ ለተራው ሕዝብ ልብስ አሰማሩት።

የልዕልት ኤልሳቤጥ ሰርግ በ1947 ሲሆን ኩፖኑ ገና አልቀረም ነበር። ሴቶች ከየቦታው ኩፖናቸውን ላኩላት። ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ክልክል ስለነበር ተመለሰላቸው። ኩፖን ጨርሶ የቀረው በ1949 ነው፣ ጦርነቱ ካበቃ ከአራት ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ሰፊ ስለሆንኩ ይሆናል ከሁሉ የወደድኩት የመጠገኑን ነገር ነው። መጋረጃ ቀሚስ ይሆናል፣ የዘመተ ባል ኮት ለሚስቲቱ ይቆረጣል፣ ፓራሹት ያገኘች የሰርግ ልብስ ታሰፋለች። አሜሪካኖቹ ከጦርነቱ በፊት፣ በዚያ በክፉ የሥራ አጥነት ዘመን፣ የዱቄትና የመኖ ጆንያ ጨርቅ ይሰፉ ነበር። ነጋዴዎቹ ይሄን ሲያዩ ጆንያውን በአበባ ማተም ጀመሩ! ሴትየዋ ዱቄቱን የምትመርጠው በጆንያው አበባ ሆነ። ባልየው ገበያ ሲሄድ «ያንኑ አበባ አምጣ፣ ሌላ ካመጣህ ቀሚሱ አይሞላም» ተብሎ ይላካል።

ስቶኪንጉንማ ተዉት። ናይለን ስቶኪንግ ገና በ1940 ነው አሜሪካ ውስጥ በሰፊው የተሸጠው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ናይለኑ ለፓራሹትና ለገመድ ተወሰደ። ሴቶቹ እግራቸውን ቀለም ቀቡ። ከኋላ ደግሞ ስፌት ያለው እንዲመስል በቅንድብ እርሳስ መስመር ያሰምሩ ነበር። ጦርነቱ አልቆ ስቶኪንግ ሲመጣ በ1946 ፒትስበርግ ላይ 13 ሺህ ለማይሞላ ጥንድ 40 ሺህ ሰው ተሰለፈ። ድብድብ ሆነ።


የጀሞ ልጅ

መስመሩን እርስ በርስ ነው የሚያሰምሩት ወይስ ብቻቸውን? እኔ ኩል እንኳ ቀጥ አድርጌ መኳል አልችልም። ሰልፉ ግን አልገረመኝም፣ ዘይት መጣ ሲባል ሸማቾች በር ላይ የሆነውን አይቻለሁ።


ጋሽ አቃቂ

ልጆቼ፣ የምትጽፉትን ሁሉ አነበብኩት። እኔ ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ ዛሬ አቃቂ ቤቴ ቁጭ ብያለሁ። የፈረንጁን ካወራችሁ አይቀር የኛንም ላውራችሁ።

በጃንሆይ መጨረሻ አዲስ አበባ ሚኒ ቀሚስ ገብቶ ነበር። ቤል ቦተም፣ አፍሮ፣ ሁሉም ነበር። መጋቢት 1960 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጀ። ተማሪዎቹ «ሕዝቡ እየተራበ ይሄ የባዕድ ቅንጦት ነው» ብለው ተቃወሙ፣ ረብሻ ተነሳ። ዓላማው ምንም ይሁን፣ ዱላውና ስድቡ ያረፈው ለማየት በሄዱት ሴት ልጆች ላይ ነው። ባላባቱ መሬቱን እንደያዘ፣ የልጅቷ ጉርድ ግን የሥርዓቱ ጥፋት ሆነ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። በ1967 ፋብሪካዎች ተወረሱ። በዚያው ዓመት ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪው ሁሉ ካኪ ለብሶ ገጠር ወጣ፣ ሴቶቹም ጭምር። የኔ እህት በሕይወቷ መጀመሪያ ሱሪ የታጠቀችው ያኔ ነው። አባታችን በሰላሙ ጊዜ ቢሆን ከቤት ያባርራት ነበር። መንግሥት ሲያለብሳት ግን ምን ይበል? ስትመለስም ሱሪዋን አልተወችም።

ቆየት ብሎ ከውጭ የሚገባው ነገር ጠፋ። የቀበሌ ሱቅ ሳሙናና ስኳር እንደምንሰለፈው አቡጀዲድም ሲመጣ እንሰለፍ ነበር። የመጣውን ነው የምትወስዱት፣ ቀለም መምረጥ የለም። ታዲያ አንድ ሰሞን መንገዱን ብታዩት የሰፈሩ ሴት ሁሉ ባንድ ዓይነት አበባ። ቴትረን ጨርቅ ያላት እመቤት ናት። ጫማው ኮንጎ ነው፣ ፀሐይ ላይ ይቀልጣል። ልብስ ሰፊ ቤት የሚበዛው ኮት ማስገልበጥ ነበር። የነተበው ወደ ውስጥ፣ ያልነተበው ወደ ውጭ። ኪሱ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚዞር የተገለበጠ መሆኑ ይታወቃል፣ ግን ማን ማንን ይስቃል?

ኩፖን እኩል አከፋፈለ ላልሽው ልጄ፣ እኛም ጋ በወረቀት እኩል ነበር። ባለሥልጣን ሚስት የምትለብሰው ግን ከልዩ ሱቅ ነው። እንግሊዝም ቢሆን ጥቁር ገበያ አልነበረም የሚል ካለ አላምነውም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። በቀይ ሽብር ጊዜ ለተገደለ ልጅ ማልቀስ ክልክል ነበር። ጥቁር መልበስ ራሱ ያስጠይቅ ነበር። እናቶች ከውጭ ቀለም ያለው ቀሚስ፣ ከውስጥ ከል አድርገው የሚወጡ አውቃለሁ። ስለ ጦርነትና ስለ ሴት ልብስ ካነሳችሁ ይሄም ልብስ ነው።


ታሪክ ወዳድ (ላፍቶ)

ጋሼ ዕድሜ ይስጥልን። እንግሊዝም ጥቁር ገበያ ነበረ፣ በደንብ ነበረ። ኩፖን ይሰረቃል፣ ተመሳስሎም ይታተማል።


ቢዝነስ አናሊስት ነኝ

የምታወሩት ሁሉ ቀደም ብሎ በኢኮኖሚክስ የታወቀ ነው። የቀሚስ ርዝመት ቲዎሪ ይባላል። ኢኮኖሚው ሲያድግ ቀሚስ ያጥራል፣ ሲወድቅ ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አጭር፣ በ1929 ገበያው ሲወድቅ ረጅም፣ በ1960ዎቹ እንደገና ሚኒ። ስለዚህ ገበያውን ለማወቅ ቦሌ ቆሞ ቀሚስ መለካት ይበቃል ማለት ነው።


ሲንጀሯ (ቱሉ ዲምቱ)

ወንድሜ፣ አንተ ቦሌ ቆመህ ቀሚስ ስትለካ ፖሊስ ይዞህ ሄዶ ቲዎሪውን ጣቢያ ታስረዳለህ። 😂

ከቀልዱ ውጪ፣ ይሄ ነገር ሰፊ የሆነ ሰው ያሰበው አይመስለኝም። አሁን ካወራነው ጋር ራሱ አይሄድም። በጦርነቱ ጊዜ ድህነትም እጥረትም ነበር፣ ቀሚስ ግን አጠረ፣ ምክንያቱም ጨርቅ የለም። አሜሪካም በ1942 ኤል 85 የሚባል ትእዛዝ አውጥታ የቀሚስ ርዝመትና ስፋት ወስና ነበር። ሰላም መጥቶ ጨርቅ መገኘት ሲጀምር ደግሞ ክርስቲያን ዲዮር እ.ኤ.አ. የካቲት 12 ቀን 1947 ፓሪስ ላይ ያወጣው ልብስ ወገቡ እንደ ጉንዳን የቀጠነ፣ ከታች የሰፋ፣ ረጅም ነው። አንዳንዱ ቀሚስ 20 ሜትር ጨርቅ ይፈጅ ነበር። 20 ሜትር! እኔ በሱ የአንድ መንደር ልጅ ሁሉ አለብሳለሁ። ጥጋቡ ሲመጣ ረዘመ እንጂ አላጠረም።

ሴቶቹ ደግሞ ሁሉም እልል አላሉም። አሜሪካ ውስጥ ተቃውመው ማኅበር ያቋቋሙ ነበሩ፣ «እግራችንን ለምን ትሸፍኑብናላችሁ» ብለው። እንግሊዝ ውስጥ ሚኒስትሩ ስታፎርድ ክሪፕስ ራሱ ይሄ ብክነት ነው ብሎ ተቆጣ። ኩፖን እየቆጠርሽ ስትኖሪ አንዱ መጥቶ 20 ሜትር ልበሺ ሲልሽ አስቢው። በዚያ ላይ ወገብ ማጥበቂያው ተመልሶ መጣ። ፋብሪካ ውስጥ ሱሪ ለብሳ፣ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ፣ መኪና ስታንቀሳቅስ የነበረች ሴት ናት አሁን እንደገና ወገቧን የምትታሰረው።

ሻሹ ራሱ ታሪክ አለው። ቬሮኒካ ሌክ የምትባል የሆሊውድ ተዋናይ ፀጉሯን አንድ ዓይኗ ላይ ጣል ታደርግ ነበር። የፋብሪካ ሴቶች እሷን ሲመስሉ ፀጉራቸው ማሽን ውስጥ ይገባ ጀመር። መንግሥት ለምኗት ፀጉሯን ወደ ኋላ አሰረችው።


ኦፕሬተር የነበርኩ

የማሽንና የፀጉር ነገር ስታነሱ ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም። እኔ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሰርቻለሁ፣ የድርጅቱን ስም ተዉት። መስመር ላይ 30 ምናምን ሴት ነን። አንዷ ኮሌታ ብቻ፣ አንዷ እጅጌ ብቻ። የምንሰፋው ለአሜሪካ ገበያ ነው። የዋጋ ወረቀቱ እዚያው ይንጠለጠልበታል፣ በዶላር። አንዱ ሸሚዝ ከወር ደመወዜ ምን ያህሉ እንደሆነ ሒሳብ መስራት የተከለከለ ያህል ነበር፣ ማንም አያነሳውም።

የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. ተጀመረ። አሜሪካ ከአጎዋ፣ ማለት ልብሳችን ያለ ቀረጥ እሷ ጋ ከሚገባበት ዕድል፣ ያስወጣችን ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ነው። ከዚያ በፊት ወሬው ሲመጣ ነው ትልልቆቹ መውጣት የጀመሩት። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት ፒቪኤች ሐዋሳ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ኅዳር 2014 ነው ያሳወቀው። እኛም ጋ ትእዛዝ ቀነሰ፣ ከዚያ «እረፍት ውጡ» ተባልን፣ እረፍቱም በዚያው ቀረ።

ግን ልብ በሉልኝ። አጎዋ ሲቆም የተጎዳው ማነው? ተኩስ ያዘዘ ሰው አይደለም። ከገጠር መጥታ አራት ሆና አንድ ክፍል የተከራየች የ20 ዓመት ልጅ ናት። ጦርነቱ ልብስን እንዴት ቀየረው ላላችሁት፣ የኔን ልብስ የቀየረው እንዲህ ነው፦ አዲስ ሸሚዝ እየሰፋሁ ሰልባጅ ነበር የምለብሰው፣ አሁን ሰልባጁንም አቁሜያለሁ።


ሰልባጅ ንግሥት (ካራ)

አይዞሽ እህቴ። 💔 በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ሰፊ የምትፈልግ ሰው አውቃለሁ።

የሰልባጁን ነገር እኔ ልናገር፣ ሥራዬ ስለሆነ። ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ማስገባት በሕግ ክልክል ነው፣ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይለብሳል። በምሥራቅ በኩል ነው የሚመጣው፣ ድሬዳዋን፣ ጅግጅጋን ይዞ። ቦንዳው ሲፈታ መጀመሪያ የሚደርሱት ቡቲክ ያላቸው ናቸው። ደህና ደህናውን ይለቅሙና አጥበው፣ ተኩሰው፣ ማንጠልጠያ ላይ ሰቅለው «የቱርክ» ብለው ይሸጡላችኋል። ቀጥሎ እኛ። መጨረሻ መሬት ላይ የሚበተነው ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ሁሉም ነገር ተዛባ። 57 አካባቢ የነበረው ዶላር ከ100 ብር አለፈ። ቦንዳ የሚገዛው በዶላር ነው። ድሮ መሬት ላይ የሚበተነውን አሁን እኔ ማንጠልጠያ ላይ ነው የምሰቅለው። ድሮ ሰልባጅ ለብሳ መታየት የምታፍር ነበረች፣ «ዘመዴ ከአሜሪካ ላከችልኝ» ትላለች። የዛሬ ልጆች በኩራት ነው፣ ቲክቶክ ላይ እየዞሩ ያሳያሉ። ሰፊ ጂንስ፣ ያባት የሚመስል ኮት፣ ትልቅ ሸሚዝ ቀበቶ ታጥቀውበት። ለምን ትልቅ ልብስ ሞድ ሆነ ብላችሁ ጠይቁኝ። ቦንዳ ውስጥ የሚበዛው የወፍራም ሰው ልክ ነው እኮ! ልጆቹ ያለውን ለበሱ፣ አማረባቸው፣ አለቀ። ለማሚ አራብሳ መልሴ ይሄ ነው፣ ሁሌ ለቅሶ አይደለም። አምረው ለመታየት ገንዘብ እስኪኖራቸው መጠበቅ አልፈለጉም።


የሸማኔ ልጅ (ሱሉልታ)

አባቴ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው፣ እኔ አሁን ሱሉልታ ነኝ። ስለ ቡሽና ስለ ናይለን ስታወሩ ስለ ድርና ማግ የተናገረ የለም!

የጥለቱ ክር ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ቀለሙም እንደዚሁ። ዶላር ሲወጣ ጥለት ይጠባል፣ በቃ ቀላል ነው። በፊት ቀሚሱ ዙሪያውን ሰፊ ጥለት፣ ደረቱ ላይ መስቀል፣ እጅጌው ላይ፣ መቀነቱ ላይ ነበር። አሁን ደንበኛ «ከፊት ብቻ አድርግልኝ፣ ከኋላ ነጠላው ይሸፍነዋል» ትላለች። አባቴ መጀመሪያ ላይ ተናዶ ነበር። በኋላ ቀጭን ጥለት አድርጎ ባንድ ቀለም ብቻ መስራት ጀመረ። ሞዴል ልጆች «ሲምፕል ነው፣ ክላሲ ነው» ብለው ለበሱት። አባቴ ክላሲ ማለት ክር የሌለው ማለት መስሎታል።

ሁለተኛው ጉዳይ የቻይናው ነው። ጥለታችንን ፎቶ አንስተው ፖሊስተር ላይ አትመው ይልኩታል። ከሩቅ ብታዩት አይለይም። ለጥምቀት ልጇን ማልበስ የምትፈልግ እናት ያንን ብትገዛ አልፈርድባትም። የሽመናውን ዋጋ ከየት ታመጣለች? ግን አባቴ አንድ ቀሚስ ለማውጣት ስንት ቀን ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከቶ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። ማጉን የፈተሉት ደግሞ አሮጊቶች ናቸው፣ በእንዝርት። ሸማኔውን ሁሉም ያወራለታል፣ ፈታይዋን ማንም አይጠራትም። ቻይናው ሲገባ መጀመሪያ ሥራ ያጣችው እሷ ናት፣ ምክንያቱም ሸማኔው ወደ ፋብሪካ ክር ዞረ።

ለነገሩ አባቴም አሁን ማጉን ፋብሪካ ክር አድርጎታል። ምን ያድርግ።


ማሚ አራብሳ

ሰልባጅ ንግሥት፣ ተቀብያለሁ። ልጆቹ ያምርባቸዋል፣ የኔዋም አንዷ ናት።

እኔ ግን ስለ ነጠላ አንድ ነገር ልበል። ጥለቱ ወደ ታች ከወረደ ደህና ነው። ለቅሶ ሲሆን ዘቅዝቀን ጥለቱን ወደ ላይ እናደርገዋለን፣ ይሄን ማንም አይነግርሽም፣ እናትሽን እያየሽ ታውቂዋለሽ። በጦርነቱ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ የማየው ነጠላ ሁሉ ተዘቅዝቋል። መርዶው በየቤቱ ነበር፣ የዘመተ፣ የጠፋ፣ ስልክ ተቋርጦ ወሬው ያልታወቀ። ባሏ ይኑር ይሙት የማታውቅ ጎረቤት ነበረችኝ። እንደ ሐዘንተኛ ልልበስ ብትል ማሟረት ነው፣ ቀለም ልልበስ ብትል ሰው ምን ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ ግራጫ ሹራብ ለበሰች። ቀለሟን የመረጠችላት ሞድ አይደለችም።

ተፈናቅለው የመጡት ደግሞ ሲረዱ ምን ይሰጣቸዋል? የሰው ልብስ። አንዷ የተሰጣት የማታ ልብስ ነበር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጀርባው ክፍት። ጀርባዋ እንዳይታይ ነጠላ ደርባበት ትዞር ነበር። የሚሰጥ ሰው እባካችሁ ሴት እንደምትለብሰው አስቦ ይስጥ። የውስጥ ሱሪና ሞዴስም አብራችሁ ስጡ፣ እሱን ማንም አያስብም።


የጀሞ ልጅ

ማሚ ❤️ ይሄን ስክሪንሾት አድርጌ የቢሮ ግሩፓችን ላይ ልልከው ነው፣ ሰኔ ላይ ልብስ እንሰበስባለን።


ቢዝነስ አናሊስት ነኝ

የቀሚስ ርዝመቱን ቲዎሪ ትቻለሁ። ግን ኩፖን ዛሬ ቢመጣ የሚሰራ ይመስላችኋል? ቀላል ጥያቄ ነው።


ጋሽ አቃቂ

አይሰራም። ቀድሞ የሚያልቀው ለሸማች ማኅበሩ ሊቀመንበር ዘመድ ነው።


ለገጣፎ 4ኛ

ይቅርታ ከርዕሱ ልወጣ ነው። ሲንጀሯ፣ የእናቴ የመነን ጨርቅ ቀሚስ አለ፣ በደርግ ጊዜ የተሰራ። ሳጥን ውስጥ ኖሮ ቢጫ ነጠብጣብ አውጥቷል፣ እጥፋቱም ላይ ሳስቷል። የእህቴ ሰርግ ላይ ልለብሰው እፈልጋለሁ፣ ግን እኔ ከእናቴ በጣም እወፍራለሁ። ቆርጠሽ ማስፋት ትችያለሽ ወይስ ይበላሻል? በረኪና ልንከረው?


ሲንጀሯ (ቱሉ ዲምቱ)

በረኪና እንዳታስነኪው! የድሮ ክር ነው፣ ይቦጫጨቃል፣ ጥለቱም ቀለሙ ይሄዳል። በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ዘፍዝፈሽ አሳድሪው፣ አትሺው፣ አትጭመቂው። ፎጣ ላይ አንጥፈሽ ጥላ ላይ አድርቂው። ነጠብጣቡ ካልለቀቀ አይለቅም፣ ጥለት እንለጥፍበታለን።

ከዚያ መስኮት ላይ ወደ ብርሃን ዘርግተሽ እዪው። ብርሃን የሚያሳልፈው ቦታ የሳሳው ነው፣ እዚያ ላይ ስፌት አይይዝም፣ በገበር ነው የምናስደግፈው። ለማስፋት ሁለቱን ጎን ከፍቼ ከብብት እስከ ታች ሌላ ጨርቅ እጨምራለሁ። አዲስ መነን አትግዢ፣ ነጭነቱ አይገጥምም። ያረጀ ነጠላ ካላችሁ አምጪው፣ እሱ ይስማማል። በእጅ የተሸመነ ሲቆረጥ ስለሚተረተር ዳሩን ቀድሜ ኦቨርሎክ አደርገዋለሁ። ጥለቱን በምላጭ ፈትታ እንዳታመጣልሽ ለእህትሽ ንገሪያት፣ በመርፌ እኔ እፈታዋለሁ።

እና እናትሽን ጠይቀሻት ነው? ካልጠየቅሻት መቀሱን አላነሳም። ሰኞ ከሰዓት አምጪው፣ ጠዋት መብራት አይኖርም ተብሏል።